ወደ አንዶራ ለሚሄድ መንገደኛ፦ አገሩ፣ ቪዛው፣ መንገዱና ጉምሩኩ

አንዶራ በፈረንሳይና በስፔን መካከል፣ በፒሬኔ ተራሮች ውስጥ የምትገኝ 468 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት አገር ናት። ሕዝቧ ከ85 ሺህ በላይ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከስፔን፣ ከፖርቱጋል፣ ከፈረንሳይና ከሌላም አገር መጥቶ የሚኖር ነው። የመንግሥት ቋንቋዋ ካታላንኛ ነው፤ በሱቅና በሆቴል በስፓኒሽም በፈረንሳይኛም ያለ ችግር መግባባት ይቻላል። ርእሰ ብሔሮቿ ሁለት ናቸው፦ የስፔኗ ኡርዤል ከተማ ጳጳስና የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት። ይህ አሠራር በ1278 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተደረገ ስምምነት የመጣ ሲሆን በ1993 በሕዝብ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥትም እንዳለ አቆይቶታል።

የመሬቱን አቀማመጥ አስቀድሞ ማወቅ ጉዞውን ያቃልላል። አገሩ ከሞላ ጎደል የአንድ ወንዝ ሸለቆ ነው፤ ቅርጹም እንደ ባላ ነው። ግንዱ ከስፔን ድንበር ተነስቶ በሳንት ጁሊያ ዴ ሎሪያ በኩል ወደ ዋና ከተማዋ አንዶራ ላ ቬላ ይወጣል። ከተማዋን ተከትላ ባለችው ኤስካልዴስ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የምሥራቁ ቅርንጫፍ በኤንካምፕ፣ በካኒዮና በሶልዴው አልፎ ፈረንሳይ ድንበር ላይ ወዳለችው ፓስ ዴ ላ ካሳ ይሄዳል። የሰሜኑ ወደ ላ ማሳናና ወደ ኦርዲኖ ይወጣል። ሁለቱን ቅርንጫፎች ከላይ የሚያገናኛቸው 1,980 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የኦርዲኖ በር (የተራራ ማለፊያ) ነው፤ እሱም በክረምት በበረዶ ሊዘጋ ይችላል። በካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት መንደሮች በመኪና ሲታሰቡ ወደ ታች ወርዶ እንደገና መውጣትን የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ቪዛው

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። አንዶራ ለአጭር ጉብኝት የራሷን ቪዛ አትሰጥም፣ አትጠይቅምም። ነገር ግን የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ባቡርም አይገባባትም። እዚያ ለመድረስ በፈረንሳይ ወይም በስፔን ማለፍ ግድ ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ የሆነው የሸንገን አባላት ናቸው፤ አንዶራ አይደለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከባርሴሎና ተነስቶ አንዶራ ሲገባ ከሸንገን ወጣ ማለት ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይገባል። ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ በሕጉ መመለሻ የለውም። ሲገባ የሚያቆመው ባይኖርም ሲወጣ የፈረንሳይ ወይም የስፔን ፖሊስ ፓስፖርት የመጠየቅ መብት አለው፤ አውቶቡስ አስቁሞ ማየትም የተለመደ ነው።

ስለዚህ በሸንገን ማመልከቻ ቅጽ ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚፈለግ በሚጠይቀው ቦታ «ሁለት» ወይም «ብዙ ጊዜ» የሚለው ይመረጣል፤ ምክንያቱም በደብዳቤ ይገለጻል። የአንዶራ ሆቴል ማረጋገጫና የደርሶ መልስ አውቶቡስ ቲኬት አብሮ ቢያያዝ ጥያቄው ማስረጃ ያገኛል። ደብዳቤው ሌላም ጥቅም አለው፦ በአንዶራ የሚያድሩባቸው ሌሊቶች በሸንገን ማረፊያዎች ዝርዝር ላይ ክፍተት ሆነው ይታያሉ። ሳይብራሩ ከቀሩ መርማሪው ያልተሟላ የጉዞ ዕቅድ አድርጎ ሊወስዳቸው ይችላል።

የሚያመለክቱበት ቆንስላ የሚወሰነው አብዛኛው የሸንገን ቆይታ በሚያልፍበት አገር ነው፤ የአንዶራ ቀናት ለማንም አይቆጠሩም። ሦስት ሌሊት ባርሴሎና፣ አራት ሌሊት አንዶራ ከሆነ ማመልከቻው ለስፔን ነው። ክፍያው ከ2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል። ከ30 ሺህ ዩሮ ያላነሰ ሽፋን ያለው የጉዞ መድንም ይጠየቃል። ይህን መድን ከመግዛት በፊት ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል። «የሸንገን አገሮች» ብቻ የሚል ከሆነ አንዶራ ላይ እግሩን የሰበረ ሰው ሽፋን አይኖረውም። የአንዶራ ስም በግልጽ የተጻፈበት ወይም መላው አውሮፓ የሚል ውል ይሻላል። በበረዶ ሸርተቴ የሚደርስ ጉዳትና ከተራራ ላይ የማንሣት ወጪ መካተታቸውም መታየት አለበት፤ ርካሽ ውሎች ብዙ ጊዜ እነዚህን ይተዋሉ።

በጀርመን፣ በጣልያን ወይም በስዊድን ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ካርዱንና ፓስፖርቱን አብሮ መያዝ ግን አለበት። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። የአሜሪካ ግሪን ካርድም ሆነ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ኢቃማ የሸንገንን ቪዛ አይተኩም፤ የሚጠቅሙት ባሉበት አገር ላለው የስፔን ወይም የፈረንሳይ ቆንስላ ለማመልከት ነው።

መንገዱ

ከባርሴሎና 200 ኪሎ ሜትር፣ ከፈረንሳይዋ ቱሉዝ ትንሽ ያነሰ ነው። ከሁለቱም ቀጥታ አውቶቡስ አለ፤ ከሦስት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ርቀቱ ቢመሳሰልም በክረምት መንገዶቹ አንድ አይደሉም። የስፔኑ መንገድ ወንዙን ተከትሎ በዝቅተኛው በኩል፣ 840 ሜትር ላይ ስለሚገባ ከስንት አንዴ ካልሆነ አይዘጋም። የፈረንሳዩ በፓስ ዴ ላ ካሳ በኩል 2,408 ሜትር ወደሚደርሰው የኢንቫሊራ በር ይወጣል። በ2002 የተከፈተውና ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ባለ ክፍያ ዋሻ ጫፉን ያስቀራል፤ ወደ ዋሻው የሚያደርሰውን አቀበት ግን አያስቀርም። በረዶና ናዳ ሲኖር የሚዘጋው ይህ አቀበት ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ለሚሄድ ሰው ባርሴሎና የተሻለች መነሻ ናት።

መኪና የሚከራይ ሰው ወደ አንዶራ ማለፍ መፈቀዱን በውሉ ላይ ማስጻፍ አለበት፤ አንዳንድ አከራዮች ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ መውሰድን ይከለክላሉ ወይም ተጨማሪ ያስከፍላሉ። በፈረንሳይ ተራራማ ወረዳዎች ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 የክረምት ጎማ ወይም የጎማ ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። በአንዶራ መንገዶችም በረዶ ሲጥል ያለ እነዚህ ማለፍ አይቻልም። ሰንሰለቱ ከጎማው ልክ ጋር መግጠሙን ቤት ሳሉ መሞከር ያስፈልጋል፤ በጨለማና በብርድ፣ በመንገድ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ሌላው እንቅፋት የመውጫ ሰልፍ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በፋሲካ፣ እንዲሁም ስፔን በዓል በምታከብርበት የዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንት ወደ ስፔን የሚወርደው መስመር ጉምሩክ ጋ ሲደርስ ይቆማል። አውቶቡሱም በዚያው ሰልፍ ውስጥ ነው። በዚያው ቀን አውሮፕላን ያለው ሰው ቢያንስ የሦስት ሰዓት ትርፍ ይያዝ፤ ከተቻለ ዋዜማውን ባርሴሎና ማደር ይሻላል።

በረዶና በጋ

የበረዶው ወቅት ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ትልቁ ቦታ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንሸራተቻ ያለው ግራንድቫሊራ ሲሆን ከኤንካምፕ እስከ ፓስ ዴ ላ ካሳ ይዘረጋል። ከኤንካምፕ ከተማ መሐል በገመድ ላይ በሚሄድ ጎንዶላ ወደ መንሸራተቻው መውጣት ስለሚቻል፣ እዚያ ማደር ሶልዴው ላይ ከማደር ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክርና ልጆች ለያዘ ሰው በላ ማሳና በኩል ያለው ፓል ይመቻል፤ ቁልቁለቱ ለስላሳ ነው፣ ጫካውም ነፋስ ይመልሳል። ጀማሪ የሙሉ ቦታውን ትኬት መግዛት አይጠበቅበትም፤ ለጀማሪዎች የተከለለው ቦታ ትኬት ለብቻው ይሸጣል። ጫማ፣ ሸርተቴ፣ ምርኩዝና የራስ ቁር ይከራያሉ፤ ጓንት፣ መነጽርና ውኃ የማያስገባ ሱሪ ግን ይዞ መሄድ ነው። በጂንስ ሱሪ የወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ከወደቀ በኋላ ረጥቦ ይበርደዋል፤ ቀኑም እዚያው ላይ ያበቃል።

በእግር ለሚሄድ ግን አገሩ ከሁሉ የሚያምረው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። በዩኔስኮ መዝገብ በ2004 የሰፈረው የማድሪው፣ ፔራፊታና ክላሮር ሸለቆ 4,247 ሄክታር ነው፤ ከአገሩ አንድ አሥረኛ ገደማ መሆኑ ነው። የመኪና መንገድ የለውም። ከኤስካልዴስ ጫፍ የሚነሣው ጥንታዊ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ እረኞች በበጋ ያድሩባቸው በነበሩ ጎጆዎች መካከል ያልፋል፤ እስከ ፎንትቬርድ ጎጆ ደርሶ መመለስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይቸኩሉ ይበቃዋል። በአገሩ ተራሮች ላይ ጠባቂ የሌላቸው ብዙ የማደሪያ ጎጆዎች አሉ። በነጻ ናቸው፣ ቀድሞ የደረሰ ያድርባቸዋል፤ ያለው ግን የብረት ወይም የእንጨት አልጋና ምድጃ ብቻ ነው። የመኝታ ከረጢት፣ ምግብና ማብሰያ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ኮማፔድሮዛና ኢያ የመሳሰሉት ጠባቂና ምግብ ያላቸው ጎጆዎች ደግሞ አስቀድሞ መያዝ አለባቸው።

ከፍተኛው ተራራ ኮማ ፔድሮዛ 2,942 ሜትር ነው። ከአሪንሳል ተነስቶ 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል፤ ደርሶ መልሱም ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ከፍታው እንግዳ አይሆንም፤ አንዶራ ላ ቬላ ራሷ 1,023 ሜትር ላይ ናት። የሚያስቸግረው ወደ ጫፉ ሲቃረብ የሚንሸራተተው ጠጠርና በሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድ ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ከቀትር በፊት ከጫፉ መውረድ ከመብረቅ ያድናል። እስከ ሰኔ መጨረሻ በሰሜን ገጽ ያሉ በሮች በረዶ ሊይዙ ይችላሉ።

የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ 112 ነው።

አብያተ ክርስቲያናትን ማየት ለሚወድ ሳንታ ኮሎማ ትቀድማለች፤ ክብ የደወል ግንብ ያላት የጥንት ቤተ ክርስቲያን ናት። የግድግዳ ሥዕሎቿ ተነቅለው ከአገር ወጥተው በርሊን ደርሰው ነበር፤ በ2007 ተመልሰው ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ በተሠራ ማሳያ ይታያሉ። የአገሩ ጠባቂ የምትባለው የሜሪትሸል እመቤታችን ቤተ መቅደስ በ1972 ተቃጥላ አዲሱን ሕንፃ ሪካርዶ ቦፊል ነድፎት በ1976 ተሠርቷል። በዓሏ ሴፕቴምበር 8 የአገሪቱ ብሔራዊ ቀን ነው፤ ያን ቀን ብዙ ነገር ዝግ ስለሚሆን ግዢ አይታቀድበት።

ስለ ምግብ አንድ ማሳሰቢያ፦ ትሪንሻት የሚባለው የተራራ ምግብ ጎመንና ድንች ቢመስልም የሚጠበሰው በአሳማ ሥጋ ነው፤ ሾርባውም እንደዚያው። የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ለጿሚ እስካሊቫዳ የሚሉት በእሳት የተጠበሰ በርበሬና ደበርጃንና ቲማቲም የተቀባ ዳቦ ይገኛል።

ስልክና ግዢ

ገንዘቡ ዩሮ ነው። የስልክ ጉዳይ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ሕግ ውጭ ነው። በስፔን ወይም በፈረንሳይ ሲም ካርድ ነጻ የነበረው ሮሚንግ ድንበሩ ላይ ያበቃል፤ ስልኩም ራሱ ወደ አንዶራ መረብ ስለሚቀየር ሒሳቡ ሳይታወቅ ይወጣል። ከድንበሩ በፊት የዳታ ሮሚንግን መዝጋት፣ ካርታውን፣ ቲኬቱንና የሆቴል ማረጋገጫውን ቀድሞ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ሆቴሉ ዋይፋይ አለው።

በግዢ ላይ የሚጣለው ታክስ 4.5 በመቶ ብቻ በመሆኑ ሽቶ፣ ኤሌክትሮኒክስና የስፖርት ዕቃ ከጎረቤት አገሮች ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ስፔን ውስጥ ተመሳሳዩ ታክስ 21 በመቶ ነው፤ ጉምሩኩ የሚጠብቀውም ይህን ልዩነት ነው። ሲወጡ ያለ ቀረጥ የሚታለፈው ለአንድ አዋቂ 300 ሲጋራ፣ 1.5 ሊትር ከ22 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥና 900 ዩሮ የሚያወጣ የኢንዱስትሪ ዕቃ ነው፤ ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ የዕቃው የዋጋ ገደብ በግማሽ ይቀንሳል። ገደቡ በነፍስ ወከፍ ስለሆነ አንድን ዕቃ ለሁለት ማካፈል አይቻልም፦ ባልና ሚስት በ1,200 ዩሮ የገዙት ካሜራ የአንዱ ተደርጎ ይቆጠራል፣ የሚቀረጠውም በሙሉ ዋጋው ነው። አሥር ሺህ ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘም ማስመዝገብ አለበት። የግዢ ደረሰኞች ከላይ፣ በቀላሉ በሚወጡበት ኪስ ይቀመጡ። ከቤት ይዘውት የመጡት አዲስ የሚመስል ላፕቶፕ ወይም ካሜራ ካለም የእሱ ደረሰኝ፣ ቢያንስ ፎቶው፣ ከእነሱ ጋር ይሁን፤ ፈታሹ ከአንዶራ አለመገዛቱን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም።