ዘይት ያለቀበት ሞተር፦ ስለ ጥገናውና ስለ ቅየራው በስህተት የሚታመኑ ነገሮች

ሞተር ዘይት አልቆበት ሲጎዳ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር? መልሱ ግን ከየአቅጣጫው ይመጣል። ጓደኛ አንድ ይላል፣ መካኒክ ሌላ ይላል፣ ሞተር ሻጩም የራሱን ይላል። ከሚባለው ውስጥ ብዙው ስህተት ነው፤ ያውም ኪስ የሚጎዳ ስህተት። መዳን የሚችል ሞተር ይጣላል፣ ያለቀለት ሞተር ላይ ደግሞ ገንዘብ ይፈሳል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ሞተሩ ሳይከፈትና ሳይለካ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«የዘይት መብራቱ ካልበራ ዘይት አለ ማለት ነው»

አይደለም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የዘይት ምልክት የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ነው፤ ስለ መጠኑ አይደለም። በአብዛኞቹ መኪኖች ይህ መብራት የሚበራው ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ጤነኛ ሞተር መንገድ ላይ ሲሄድ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ባር ግፊት አለው። ስለዚህ መብራቱ እስኪበራ ድረስ ብዙ ነገር አልፏል።

ኩርባ ላይ ወይም ፍሬን ሲያዝ መብራቱ ብልጭ ብሎ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው «የሽቦ ችግር ነው» ብሎ ያልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የቀረው ትንሽ ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑም ለአፍታ አየር ይስባል። በዚያች አፍታ ሞተሩ ያለ ዘይት እየሠራ ነው።

አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች መጠኑን የሚለይ ሌላ፣ ብዙውን ጊዜ ቢጫ፣ መብራት አላቸው። እሱም ቢሆን ኮፈን ከፍቶ ማየትን አይተካም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ መለኪያውን አውጥታችሁ ጠርጉትና መልሳችሁ ለኩ። በብዙ መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1 ሊትር ነው።

«ሰርቪስ በጊዜው ስለማደርግ ዘይት አያልቅብኝም»

ይህን የሚሉት ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው፤ ለዚያም ነው የሚያሳዝነኝ። ሞተር ዘይት ይበላል። አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር መብላትን ከጤነኛ ሞተር ይቆጥሩታል። እስቲ አስሉት። ሰርቪሱ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ከሆነ፣ ያ ሞተር በመሀል እስከ 5 ሊትር ሊበላ ይችላል። የብዙ ትንንሽ መኪኖች ሞተር በጠቅላላ የሚይዘው ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሊትር ነው። ሰርቪሱ አንድም ቀን ሳይዘገይ ሞተሩ ባዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ያረጀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ (የዘይት ማሸጊያ) ያለው ሞተር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በሰርቪስና በሰርቪስ መካከል መለካት የግድ ነው።

«መብራቱ ቢበራም ቀስ ብዬ ጋራዥ እደርሳለሁ»

ሞተር የሚገድለው ይህ ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚሽከረከረው ብሮንዚን በሚባሉ ግማሽ ክብ ቅርፊቶች ውስጥ ነው። ቢዬላዎቹም (ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙት ክንዶች) ክራንክሻፍቱን የሚይዙት በእነዚሁ ነው። በቅርፊቱና በዘንጉ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው፤ በአብዛኛው ከ0.03 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር። ዘይት በግፊት እዚያ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ እስካለ ድረስ ብረትና ብረት አይነካኩም። ሽፋኑ ሲጠፋ ይፋጫሉ፣ ይግላሉ፣ ለስላሳው የብሮንዚን ገጽ ይቀልጣል።

«ቀስ ብዬ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲዘገይ ግፊቱም ይቀንሳል። ቀስ ብሎ ቢነዳም ክራንክሻፍቱ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሊዞር ይችላል። አምስት ደቂቃ ብቻ ብትነዱ 10,000 ዙር ነው፤ ያ ሁሉ ብረት በብረት።

ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ የባሰ ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ ተንሳፍፎ የሚዞረውም በዘይት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው።

ስለዚህ ቀዩ መብራት ከበራ ጥግ ያዙና ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ጠብቃችሁ ለኩ። ጎድሎ ከሆነ ሙሉ፣ ከሥር የሚፈስ ነገር መኖሩንም እዩ። መጠኑ ልክ ሆኖ መብራቱ ከበራ ግን መልሳችሁ አታስነሱት፤ አስጎትቱት። ችግሩ የግፊት ሴንሰሩ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ፓምፑም ሊሆን ይችላል። የሚለየው በሴንሰሩ ቦታ የግፊት ጌጅ ታስሮ ሲለካ ነው። አንድ ሞተር በጥገና ይድናል ወይስ ይጣላል የሚለው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

«ዘይት ሞላሁበት፣ መብራቱም ጠፋ፤ ስለዚህ ተርፏል»

ሊተርፍ ይችላል። ግን መብራት መጥፋቱ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ያለው ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ውስጥ ነው።

ዘይቱን አስለቅቁና ፊልትሮውን አስቆርጡት። ውስጡ ያለውን የታጠፈ ወረቀት አውጥታችሁ ዘርጉት፣ በደንብ ብርሃን ላይ አገላብጡት። ጥቂት ደቃቅ ነጠብጣብ በማንኛውም ሞተር ይኖራል። ወረቀቱ እጥፋት ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከሞላ ግን ብሮንዚኑ እየተበላ ነው። ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔቱ የሚያነሳው ብረት ከክራንክሻፍት፣ ከካምሻፍት (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ወይም ከሲሊንደር ግድግዳ የመጣ ሊሆን ይችላል። ማግኔቱ የማያነሳውና መዳብ የሚመስለው ከብሮንዚኑ ውስጠኛ ንብርብር ሊሆን ይችላል፤ ያ ከታየ የላይኛው ገጽ አልቋል። ነጭ ሆኖ የማይነሳው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ከፒስተን ወይም ከአሉሚኒየም ብሮንዚን ይመጣል።

ይህን ምርመራ የሚያደርግ ጋራዥ ብዙ አይገጥማችሁም። ካልተደረገ ራሳችሁ ጠይቁ። የሚወስደው ጊዜ ትንሽ ነው፣ የሚነግራችሁ ግን ብዙ።

ድምፁንም አዳምጡ። ከላይ፣ ከቴስታታው (ቫልቮቹን ከያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በኩል የሚሰማ ቀለል ያለ «ጠቅ ጠቅ» ዘይቱ ሲደርስ ሊጠፋ ይችላል። ከታች የሚመጣ፣ ጋዝ ሲረገጥ የሚፈጥንና እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቢዬላ ብሮንዚን ነው። እሱ በራሱ አይድንም። እየነዱት ከቀጠሉ ቢዬላው ተሰብሮ ብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ቀዶ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጥገና ማውራት ቀረ።

«ወፍራም ዘይት ጨምርበት፣ ድምፁ ይጠፋል»

ድምፁ ሊቀንስ ይችላል፤ የተበላው ብረት ግን አይመለስም። ወፍራም ዘይት ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፣ ጠባብ ክፍተት ባላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ተጨማሪ ችግር ያመጣል። ይህ ዘዴ የሚያገለግለው መኪናውን ለመሸጥ ለቸኮለ ሰው ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ጠዋት እናንተ ባላችሁበት እንዲነሳ ጠይቁ።

«ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ነው፣ ሞተሩ ደህና ነው»

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት፣ ሲለካ የሚታወቀው የፋሻው፣ የቫልቩና የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (የማሸጊያው) ሁኔታ ነው። ብሮንዚን ስለሚባል ነገር ምንም አይናገርም። ቢዬላው እየመታ ኮምፕሬሽኑ ሙሉ የሆነ ሞተር ሞልቷል።

«አልዞር ካለ አብቅቶለታል»

አትቸኩሉ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው)፣ ዲናሞው ወይም የኤሲ ኮምፕሬሰሩ ተጣብቆም ሞተሩ የተያዘ ሊመስል ይችላል። መካኒኩ መጀመሪያ ዲናሞውንና ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረውን ቺንጊያ (ቀበቶ) ይፍታ፣ ካንዴላዎቹን ያውጣ፣ ከዚያ ክራንክሻፍቱን ከፊት ባለው ቡሎን በረጅም ቁልፍ ይሞክር። በእጅ ከዞረ ታሪኩ ሌላ ነው። ካልዞረ ደግሞ በጉልበት አታስገድዱት፤ በጎትቶ ማስነሳትም አይሞከር። ቀድሞ የተያዘውን ክፍል መስበር ነው ትርፉ።

«ዘይት ያለቀበት ሞተር አይጠገንም» እና «ብሮንዚን ቀይረን እንዘጋዋለን»

ሁለቱም ስህተት ናቸው፣ ምክንያታቸውም አንድ ነው፦ ማንም አልለካም።

ከሥር ያለው የዘይት መያዣ ይወርዳል፣ የቢዬላና የዋናው ብሮንዚን ቆቦች ይፈታሉ፣ ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ጤነኛ ብሮንዚን ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ዙሪያውን ተቧጥጦ፣ በመሀሉ የመዳብ ቀለም አውጥቶ ከሆነ ተበልቷል። ቀልጦ ጠርዙ ላይ ከተከመረ ወይም ከቦታው ተነቅሎ አብሮ ከዞረ ጉዳቱ ወደ ቢዬላው አልፏል። ክራንክሻፍቱ ላይ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቀለም ካያችሁ ብረቱ ከመጠን በላይ ግሏል።

ቀጥሎ ክራንክሻፍቱ በማይክሮሜትር ይለካል። ለስላሳ፣ ክብና በአምራቹ ልክ ውስጥ ከሆነ አዲስ ብሮንዚን ብቻ ይበቃዋል። ከተቧጠጠ ወይም ክብነቱን ካጣ በማሽን ተሞርዶ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ወፈር ያለ ብሮንዚን ይገባለታል። አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ግን ሞረዳ አይፈቀድላቸውም፣ ወፍራም ብሮንዚንም አይሠራላቸውም፤ እነሱ ላይ ክራንክሻፍቱ ራሱ ይቀየራል። በተቧጠጠ ክራንክሻፍት ላይ አዲስ ብሮንዚን መክተት ያንኑ ጥገና ከጥቂት ጊዜ በኋላ መድገም ነው።

ላይኛውም ክፍል ይታይ። በብዙ ቴስታታዎች ላይ ካምሻፍቱ የሚቀመጠው በቀጥታ አሉሚኒየሙ ላይ ነው፣ የሚቀየር ብሮንዚን የለውም። እዚያ ጉዳት ካለ ቴስታታውም ሊቀየር ይችላል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ጉዳቱ ብሮንዚንና የሚሞረድ ክራንክሻፍት ላይ ካቆመ ጥገናው ያዋጣል፤ ውስጡን አይታችሁታልና። ብሎኩ ከተቀደደ፣ ወይም ክራንክሻፍቱ፣ ቢዬላውና ቴስታታው በአንድ ላይ ከተጎዱ ወደ ቅየራ ሂዱ። ውሳኔውን የሚሰጣችሁ መካኒክ ቁጥሩን በወረቀት ያሳያችሁ። «በልምድ አውቀዋለሁ» የሚል መልስ አይበቃም።

«ሌላ ሞተር ከገባ ችግሩ አለቀ»

ዘይቱ ለምን አለቀ? ይህ ካልተመለሰ አዲሱም ሞተር ወደዚያው ነው። ሰበቡ ከሞተሩ ጋር የወጣ ፋሻ ከሆነ ጥሩ። ከአሮጌው ተነቅሎ አዲሱ ላይ የሚታሰር ቱርቦ፣ የዘይት ማቀዝቀዣ ወይም ቱቦ ከሆነ ግን ችግሩን ይዛችሁት ሄዳችኋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ብናኙን ነው። የተበላው ብረት በዘይት ማቀዝቀዣውና በቱርቦው መስመር ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ማቀዝቀዣውን አጥቦ ማጥራት እጅግ ከባድ ስለሆነ መቀየሩን እመርጣለሁ። ካልሆነ ያ ብናኝ በመጀመሪያው ቀን አዲሱ ብሮንዚን ላይ ያርፋል።

ያገለገለ ሞተር ስትገዙ የሞተሩ ኮድ ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ፤ ከውጭ አንድ የሚመስሉ ሞተሮች በሴንሰርና በኮምፒውተር ይለያያሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ ጥቁር ዝቃጭ ከተከመረ ተዉት። የሚቻል ከሆነ የዘይት መያዣው ይውረድና አንድ ሁለት ብሮንዚን ይታይ። ከመግባቱ በፊት፣ ውጭ እያለ፣ የታይሚንግ ቺንጊያው፣ የውሃ ፓምፑና የኋላው የዘይት ጎማ ይቀየሩ። ከገባ በኋላ ለመድረስ የሚፈጀው ሥራ ሌላ ነው።

ሲገባም ወዲያው አይነሳ። ነዳጁ ወይም እሳቱ ተቋርጦ በሞተሪኖ ብቻ ይዙር፣ የዘይት ግፊቱ እስኪመጣ። በብዙ አገር የሞተር ቁጥር በመኪናው ሰነድ ላይ ስለሚጻፍ ለውጡን ማስመዝገብም አይዘንጋ።

«ከሚጎድል ቢበዛ ይሻላል»

አንዴ የደነገጠ ሰው ቀጥሎ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ብዙ ካለፈ ክራንክሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ውስጡ አየር ስለሆነ ብሮንዚን ላይ ጠንካራ ሽፋን አይሠራም። ግፊቱ በየዘይት ማሸጊያ ጎማው በኩል መውጫ ሊፈልግም ይችላል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ማለፉ አያስጨንቅም። አንድ ሊትር ያህል ካለፈ ግን ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ከሥር አስቀንሱት።