ኮሚክ ሠርቶ መኖር ይቻላል ወይ? ጎንደር ላይ ስለ ሥዕላዊ ልብ ወለድ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ የሚስሉ ልጆች ሞልተዋል። ደብተራቸውን ከጀርባ ብትገልጡት ፈረሰኛ አለ፣ ግንብ አለ፣ የሚያስተምሯቸው መምህር ፊት አለ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ አንድ ሥዕል ብቻ አይበቃቸውም። ታሪክ መንገር ይፈልጋሉ። ረጅም ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተርክ መጽሐፍ፣ ሥዕላዊ ልብ ወለድ ወይም በተለመደው አጠራር ግራፊክ ኖቭል፣ መሥራት ያምራቸዋል።

ሥዕል ከማስተምራቸው ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ ሳይጀምሩ ይተዉታል። እጃቸው ሰንፎ አይደለም። ስለ ሙያው የሰሙት ነገር ነው የሚያስቆማቸው። ከልጆቹም ከወላጆቻቸውም ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ይሄ የፈረንጅ ጥበብ ነው፤ እኛ ጋ የለም»

ጎንደር ላይ ተቀምጦ ይህን የሚል ሰው ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂዱ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ቀና ብሎ የጣሪያውን መላእክት አይቶ ይወጣል። እናንተ ግን ግድግዳው ጋ ቆዩ። የጌታችን ሕማማትና የቅዱሳን ገድል ትዕይንት በትዕይንት ተከፍሎ፣ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ታሪኩን በዓይኑ ይከተላል። ሰዓሊው የቱን ቅጽበት ልሳል፣ የቱን ልዝለል ብሎ ወስኗል። የሥዕላዊ ልብ ወለድ ዋና ሥራም ይኸው ውሳኔ ነው።

የብራና መጻሕፍቱ ደግሞ ይበልጥ ይቀርባሉ። በጎንደር ዘመን በሥዕል ባጌጡ የተአምረ ማርያም መጻሕፍት አንድ ተአምር በተከታታይ ሥዕሎች ይተረካል። ከሥዕሉ አጠገብ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር የግዕዝ መግለጫ አለ፤ ይህ ሰው እንዲህ እንዳደረገ፣ እመቤታችን እንዲህ እንዳለችው ይናገራል። በጨርቅ ላይ የሚሳለው የንግሥተ ሳባ ታሪክም አለላችሁ። ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥን ተከፍሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

የድሮ ሰዓሊዎቻችን ገጸ ባሕርይ የሚለዩበት ሕግም ነበራቸው። ጻድቁ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎኑ ይሳልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ተመልካቹ ገና ሲያይ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የዳበረው ሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት ደግሞ ፊት ላይ ጥላ አስገባ፣ ልብሱን በአበባ ጥለት አስጌጠ፣ ከጀርባ ያለውን ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ አሻገረ። ቀለም መማር የሚፈልግ ልጅ ዩቲዩብ ከመክፈቱ በፊት እነዚህን ቢያይ ብዙ ያተርፋል።

እነዚህ ቅዱሳት ሥዕላት ለጸሎት የተሳሉ ናቸው። ኮሚክ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ በክብራቸው ይያዙ። ነገር ግን በሥዕል መተረክ ለዚህ ከተማ እንግዳ ነው ማለት ፍጹም ስህተት ነው። በዘመናችንም ቢሆን ኢታን ኮሚክስ የተባለ የኮሚክ አሳታሚ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል። መንገዱ ተጀምሯል።

«ኮሚክ የልጆች ነው»

ለልጆች የሚሆን አለ፤ ለአዋቂ የሚሆንም አለ። አርት ስፒግልማን አባቱ ከናዚ የሞት ካምፕ እንዴት እንደተረፉ የተረከበት «ማውስ» እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ማርጃን ሳትራፒ «ፐርሴፖሊስ» ላይ ያሳየችው በኢራን አብዮትና ጦርነት ውስጥ ያለፈ ልጅነቷን ነው። እኛስ? ስደት፣ ጦርነት፣ የአያቶቻችን የአርበኝነት ዘመን፣ የተበተነ ቤተሰብ፣ ይህን ሁሉ የያዘ ሕዝብ ለአዋቂ የሚሳል ታሪክ አያጣም።

«መጀመሪያ አሪፍ ሰዓሊ ልሁን»

ብዙ ልጆችን ያስቀረ አባባል ይህ ነው። «ትንሽ እጄ ይፍታታና እጀምራለሁ» ይላሉ። ዓመት ያልፋል። እጃቸው ይፍታታል፣ አንድ ገጽ ግን አልሠሩም።

አንድ ቆንጆ ሥዕል መሥራትና ታሪክ መተረክ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የፋሲል ግንብን ድንጋይ በድንጋይ አስመስሎ የሚስል ልጅ አውቃለሁ። አንዲት እናት ልጇ ማምሸቱን አውቃ በሩ ላይ ስትጠብቅ በ4 ሣጥን አሳየን ስንለው ግን ተቸገረ። የፊቷን ስሜት፣ ከሰዓቱ ወደ በሩ የሚሄደውን ዓይኗን፣ ነጠላዋን ስትሰበስብ እጇን ማሳየት አለበት። ግንብ እየሳሉ ይህን መማር አይቻልም። የሚማሩት ገጽ እየሠሩ ነው።

የሳትራፒን ሥዕል ያየ ሰው ይገባዋል። ጥቁርና ነጭ ነው፣ መስመሩ ቀላል ነው፣ የተጌጠ ነገር የለውም። ሆኖም ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን እንደዋሸ አንድም ቦታ አይጠፋባችሁም። መለኪያው ግልጽነት ነው። አንባቢው ሣጥኑን አይቶ «ይሄ ማን ነው? የት ነው ያሉት?» ካለ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር አልሠራም።

አንዱን ገጸ ባሕርይ ደጋግሞ መሳል ግን የግድ ነው። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ተቀምጦ፣ ሮጦ፣ ጋቢ ለብሶ። በገጽ 1 እና በገጽ 40 ላይ ያለው ሰው ያው መሆኑ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ቀላል መልክ ምረጡለት። ጠጉሩ ወይም የሚለብሰው ነገር ከሩቅ የሚለየው ይሁን።

ጎንደርንም በግንቧ ብቻ አትሳሏት። የባጃጁን ወረፋ፣ የቅዳሜ ገበያን ግርግር፣ ፒያሳ ላይ ጣልያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራቸውን ሕንጻዎች፣ የአዘዞን መንገድ፣ ጥምቀት ሲደርስ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ሳሉ። አንባቢ የሚያምነው የሚኖርበትን መንደር ሲያይ ነው።

ጭራሽ መሳል የማይችልም ቦታ አለው። በኮትዲቯሯ ከተማ በአቢጃን ስላለው ሕይወት የሚተርከውን «አያ» የተባለ ሥዕላዊ ልብ ወለድ ድርሰቱን የጻፈችው ማርጌሪት አቡዌ ናት፤ ሥዕሉን የሠራው ክሌማን ኡብረሪ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይስላል። ጎንደር ውስጥ ግጥምና አጭር ልብ ወለድ የሚጽፉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከሰዓሊዎቹ ጋር ግን አይተዋወቁም፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። በነገራችን ላይ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጣልያን አገር ሥዕል የተማረ ሰዓሊ ነበር። ብዕርና ብሩሽ በእኛም አገር ከተገናኙ ቆይተዋል።

«ከሌላ ሰው ሥራ ማየት ኩረጃ ነው»

ለመማር ቅዱ። የጎንደር ዘመን ሰዓሊዎች እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ በታተመ የዓረብኛ ወንጌል ውስጥ የነበሩትን ሥዕሎች አይተው ቀድተዋል። ግን ልብሱን፣ ፊቱን፣ ቀለሙን የራሳቸው አደረጉት። የሰው ሥራ የእኔ ነው ብሎ ማውጣት ስርቆት ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ፊደላችን ለኮሚክ አይመችም»

ይህ ትንሽ እውነት አለበት። የአማርኛ ቃል ይረዝማል። «እንዳልተመለሰችላቸው» የሚለውን ጠባብ የንግግር አረፋ (የገጸ ባሕርይው ንግግር የሚጻፍበት ክብ) ውስጥ ብታስገቡት ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ፊደሉ ደቅቆ አይነበብም። በላቲን ፊደል የሚሠሩት ጮክ ያለን ንግግር በትልልቁ ፊደል መጻፍ ይችላሉ። እኛ ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል የለንም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ንግግሩን ጻፉ፣ ቦታውን ያዙለት፣ ከዚያ ሰውየውን ሳሉ። ብዙ ጀማሪ ሥዕሉን ጨርሶ አረፋውን በተረፈው ጥግ ይወትፈዋል። አረፋውን ጎኑን ሰፋ አድርጉት። ጩኸት ሲሆን ፊደሉን አወፍሩት፣ አተልቁት። ሹክሹክታ ሲሆን አቅጥኑት። የጽሑፍ አማርኛ ትታችሁ ሰው እንደሚናገረው ጻፉ። «ወዴት እየሄድክ እንደሆነ ልትነግረኝ ትችላለህ?» የሚል ጎረምሳ ፒያሳ ላይ የለም። «ወዴት ነው?» ይላል። አረፋውም ወዲያው ያጥራል።

ድምፅ ላይ ደግሞ ማን ይደርስብናል! ጓ፣ ድው፣ ቷ፣ ቦግ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ሿ። ሌላው ዓለም ለኮሚክ ብሎ ድምፅ ይፈጥራል። አማርኛ ቀድሞም በእነዚህ የተሞላ ነው። በእጃችሁ ጻፏቸው። በእጅ የተጻፈ ፊደል ከኮምፒውተር ፊደል ይልቅ ከሥዕሉ ጋር ይስማማል።

«አዲስ አበባ ካልሄድኩና ውድ ዕቃ ካልገዛሁ አልችልም»

በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትልቅ ተቋም ነው። የመግባት ዕድል ያገኘ ይግባ። ካልሆነ ግን ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጥቁር ቀለም ያለው እስክሪብቶና ማስመሪያ ይበቃሉ። መጽሐፉ ከሚታተምበት መጠን ሰፋ ባለ ወረቀት ላይ ሳሉ፤ ሲያንስ መስመሩ ይጠራል። ከዚያ ስካን አስደርጉ። ጥቁርና ነጭ መስመር ከሆነ በ600 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት መጠን) ይሁን። ኮምፒውተር ያገኘ ክሪታ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ይጠቀም።

ሥራችሁን በኢንተርኔት ላይ ብቻ አታንጠልጥሉት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ሥራቸውን ስልክ ላይ ብቻ ያደረጉ ልጆች ከአንባቢያቸው ተለያዩ። በወረቀት የያዙት ግን ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፉ አስነበቡ።

«አያበላም» እና «አንዱ ከወጣ ሀብታም ነኝ»

ሁለቱንም እሰማለሁ። የመጀመሪያውን ወላጆች ይሉታል፤ ክፉ ስለሚያስቡ ሳይሆን ልጃቸው እንዳይራብ ስለሚሰጉ ነው። ሁለተኛውን ልጆቹ ይሉታል።

ቁርጡን እንነጋገር። እኛ አገር ለሥዕላዊ ልብ ወለድ ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጥ አሳታሚ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙ ደራሲ የማተሚያውን ወጪ ከኪሱ ይሸፍናል። የወረቀት ዋጋ ደግሞ እያደር ይጨምራል። በዚህ ላይ ሥራው ጊዜ ይበላል። ስክሪፕት አለ፣ ረቂቅ አለ፣ እርሳስ አለ፣ ቀለም አለ፣ የፊደል ጽሕፈት አለ። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ አንድ ገጽ የጨረሰ ሰው ጥሩ ሠርቷል። «ማውስ» እንኳ በክፍል በክፍል መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን የተጠናቀቀው በ1991 ነው።

ስለዚህ መጽሐፉ ብቻውን ዳቦ አይሆንም፤ ችሎታው ግን ይሆናል። ታሪክን በሥዕል መናገር የሚችል ሰው ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል ይሠራል። ለማስታወቂያና ለፊልም ስቶሪቦርድ፣ ማለትም ከቀረጻ በፊት የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ሥዕል፣ ይሠራል። ለጤና ትምህርት ፖስተር ይሠራል። ግድግዳ ይስላል፣ ያስተምራል። በየአገሩ ያሉ የሙያው ሰዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት እንዲህ ነው፤ መጽሐፋቸውን ከሌላ ገቢ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ልጃችሁ ቀን ቀን ሌላ ሥራ እየሠራ ማታ ገጽ ቢስል ሕልሙን ጣለ ማለት አይደለም። ጤናማው መንገድ እንዲያውም ይህ ነው።

በ200 ገጽ አትጀምሩ። 8 ገጽ ሥሩና ጨርሱ። በስቴፕል የሚያያዝ መጽሐፍ ገጹ በ4 መካፈል አለበት፤ 8፣ 16፣ 24 እያላችሁ አስቡት። ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝታችሁ ለሰው ስጡና ሲያነብ አጠገቡ ቁሙ። የት እንዳመነታ፣ የቱን ገጽ ወደ ኋላ እንደገለጠ እዩ። እዚያ ጋ ነው የምታስተካክሉት።

«ሐሳቤን ይሰርቁብኛል»

አንዳንዱ ፈርቶ ሥራውን ለማንም አያሳይም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም። የሚጠብቀው የተጻፈውንና የተሳለውን ነው። ሥራው ተሠርቶ ካለ ባይመዘገብም ጥበቃ አለው፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በልባችሁ የያዛችሁት ታሪክ የሚጠበቀው ገጽ ላይ ሲወርድ ነው።

ይበልጥ ሊያሳስባችሁ የሚገባው ውል ነው። ከጸሐፊ ጋር ስትሠሩ፣ ጓደኛችሁ ቢሆንም፣ ድርሻችሁን በወረቀት አስፍሩ። አንድ ድርጅት ሲያሠራችሁ ኦሪጅናሉ ማን ጋ እንደሚቀር፣ በድጋሚ ሲታተም ክፍያ ስለመኖሩ፣ ስማችሁ ሽፋኑ ላይ ስለመውጣቱ ጠይቁ። «እንተማመናለን» ከተባላችሁ፣ በአክብሮት «እሱማ አዎ፣ ግን ትጻፍልን» በሉ።