ኒዮቢየም ናይትራይድ ምንድን ነው?

ወርቅ የተቀባ የሚመስል የትራፓኖ ፑንታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀለሙ ቲታኒየም ናይትራይድ ነው። ፑንታው ቶሎ እንዳይበላ ይለበጥበታል። ጥራቱ ተጠብቆ ከተሠራና 5 ኬልቪን አካባቢ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 268 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ድረስ ከቀዘቀዘ ያው ነገር ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ሬዚስታንስ ያልፍበታል።

ከዚሁ ወገን በብዛት የሚፈለገው ግን ኒዮቢየም ናይትራይድ ነው። ኒዮቢየም ብረት ነው፤ ንጹሑ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው 9 ኬልቪን ገደማ ላይ ነው። ናይትሮጅን ሲገባበት ቁጥሩ ወደ 16 ይወጣል። ይህን ጀርመኖች ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው።

ታዲያ ናይትሮጅን ስለገባ ብቻ አይደለም። ወሳኙ አቶሞቹ የተደረደሩበት መንገድ ነው። 16 ኬልቪን የሚደርሰው ዴልታ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ አደራደሩ ልክ እንደ ገበታ ጨው ኪዩብ ነው፤ አንድ ኒዮቢየም፣ አንድ ናይትሮጅን፣ በሁሉም አቅጣጫ እየተፈራረቁ። በዚህ አደራደር ኤሌክትሮኖቹ ከክሪስታሉ ንዝረት ጋር አጥብቀው ይያያዛሉ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያለ እንቅፋት እንዲጓዙ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው። እነዚያው አቶሞች ባለ ስድስት ጎን አደራደር ከያዙ ግን ነገሩ ይበላሻል። የሚያናድደው ደግሞ በተራ ሙቀት የተረጋጋው ይሄ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ዴልታ በተፈጥሮው የከፍተኛ ሙቀት ልጅ ነው።

ስስ ፊልም፣ ማለትም በሌላ ነገር ላይ የሚለበጥ በጣም ቀጭን ሽፋን፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በቫክዩም ውስጥ የአርጎን አዮኖች ኒዮቢየሙን እየደበደቡ አቶሞቹን ያስፈነጥራሉ። አቶሞቹ በመንገድ ላይና ካረፉበት ቦታ ናይትሮጅን ይይዛሉ። አመጣጣቸው ድንገተኛ ስለሆነ ወደ ተረጋጋው ቅርጽ ለመዞር ጊዜ አያገኙም፤ ዴልታ እንደሆኑ ይቀራሉ። ናይትሮጅኑ ካነሰ ግን ሌላ ውህድ ይወጣል። ፊልሙ የሚያርፍበት ነገርም ለውጥ ያመጣል። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ተወዳጅ የሆነው እሱም የጨው አደራደር ስላለው ነው፤ የአቶሞቹ ርቀት ልዩነት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ፊልሙ ሲሳሳ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀት ይወርዳል። ቢሆንም 5 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፊልም ትልቅ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሞስኮ ያሉ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ከእንዲህ ያለ ፊልም ቀጭን ሽቦ ቀርጸው አንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ ፎቶን፣ ለየብቻ መቁጠር ችለዋል። ፎቶኗ ሽቦውን ስትመታ ያ ቦታ ለቅጽበት ሱፐርኮንዳክተርነቱን ያጣል፤ የቮልቴጅ ምልክት ይወጣል። ዛሬ የኳንተም ኮሙኒኬሽን ላብራቶሪዎች በዚህ ዓይነት ሽቦ በብዛት ይጠቀማሉ።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ የ2018ቱ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ናይትራይዱን በሲሊኮን ካርባይድ ላይ ሥርዓት ያለው ክሪስታል አድርገው አሳደጉት። ከዚያ በላዩ ላይ ጋሊየም ናይትራይድ፣ ማለትም የነጭ ኤልኢዲ አምፖል ሴሚኮንዳክተር፣ ቀጠሉበትና ትራንዚስተር ሠሩ። ሱፐርኮንዳክተርና ሴሚኮንዳክተር በአንድ ክሪስታል ላይ ተነባብረው ማለት ነው።