ቀጥታ የምስል ድርብርብ፦ የሰማይ ተመልካቾች ስለ ሶፍትዌሮቹ የሚሉት

የኦሪዮንን ኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) በትንሽ ቴሌስኮፕ በዓይን ያየ ሰው የሚያየው ግራጫ ጉም ነው። በዚያው ቴሌስኮፕ ላይ ካሜራ ገጥሞ የ10 ሰከንድ ፎቶ ቢያነሳ ቀለም ብቅ ይላል፤ ምስሉ ግን በነጥብጣብ የተሞላ ይሆናል። ባለሙያዎች ኖይዝ ይሉታል። የቀጥታ ድርብርብ ሶፍትዌር ሥራ ይህን ነጥብጣብ እዚያው ሰማዩን እያየን መቀነስ ነው።

ካሜራው አጫጭር ፎቶ በላይ በላዩ ይልካል። ሶፍትዌሩ በእያንዳንዱ ላይ ከዋክብቱን ይፈልጋል፣ ምስሉን አንሸራትቶና አዙሮ ከመጀመሪያው ጋር ይገጥመዋል፣ ከዚያ አማካዩን ይወስዳል። ፎቶዎቹ ከተገጠሙ በኋላ ኮከቡ ቦታውን ስለማይለቅ ይጎላል። ነጥብጣቡ ግን በየፎቶው ስለሚቀያየር ይዳከማል። ስሌቱ የካሬ ሥር ነው፤ 4 ፎቶ ጥራቱን 2 እጥፍ፣ 100 ፎቶ ደግሞ 10 እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያስደንቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ለውጡ ይንቀራፈፋል።

በኮምፒውተር ከሚሠሩት ውስጥ ሻርፕካፕ፣ የዜድደብልዩኦ ኩባንያ ኤኤስአይላይቭና ነፃው ሲሪል ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ የቀረበው ሲስታር ኤስ50 የተባለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ደግሞ ሥራውን በራሱ ውስጥ ጨርሶ ምስሉን ወደ ስልክ ይልካል። የሌንሱ ስፋት 50 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ተጠቃሚዎች በጣም የሚወዱት አንድ ነገር አለ፦ ብርሃን በበዛበት ከተማ ሆነው፣ ጎረቤትና ልጆች አጠገባቸው ቆመው፣ ጋላክሲው ስክሪኑ ላይ ዓይናቸው እያየ ሲወጣ። ቤት ገብቶ ለሰዓታት ፎቶ ማቀናበር የለም። እኔም የዚህ ሶፍትዌር ትልቁ ዋጋ ይሄ ይመስለኛል።

ቅሬታም አለ። ዋነኛው «ኮከብ አላገኘም» የሚለው መልእክት ነው። ሰው ወዲያው ሶፍትዌሩን ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ፎከስ ነው። ፎከሱ ሲዛባ ኮከቡ ደብዛዛ ክብ ይሆናል፣ ሶፍትዌሩም ኮከብ ነው ብሎ አይቆጥረውም። ከዚህ የባሰው ተቃራኒው ነው። የካሜራው ትኩስ ፒክስሎች፣ ማለትም ብርሃን ሳይነካቸውም የሚያበሩ የምስል ነጥቦች፣ ከኮከብ ጋር ይምታታሉ። ሰማዩ ይንቀሳቀሳል፣ ፒክስሉ ግን አይንቀሳቀስም። ሶፍትዌሩ ፒክስሎቹን ይዞ ሲገጥም እውነተኞቹ ከዋክብት መስመር ሆነው ይሳባሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቴሌስኮፑን ከድኖ፣ በዚያው ሰከንድና በዚያው ጌይን (የካሜራው ምልክት የማጉላት መጠን) የጨለማ ፎቶ አንስቶ ከፎቶዎቹ ላይ ማስቀነስ።

ደመና ሲያልፍም አንድ መጥፎ ፎቶ የተለፋበትን ምስል ሊያበላሽ ይችላል። ለዚህ ሻርፕካፕ የኮከቡን ስፋትና ብሩህነት እየለካ መጥፎውን የሚጥል ማጣሪያ አለው። የሳተላይት መስመርን ደግሞ ከአማካዩ በጣም የራቀውን ፒክስል የሚያስወግድ ስሌት ያጠፋዋል። ነጠላ ፎቶዎቹ አብረው እንዲቀመጡ ማድረግም አይረሳ። የመጨረሻው ምስል ብቻ ከቀረ በኋላ ላይ መጥፎዎቹን ለይቶ እንደገና መደራረብ አይቻልም።

ለአዲስ አበባ ተመልካች ሌላ ጣጣ አለ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜን ዋልታ ኮከብም ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ሕንፃ ወይም የእንጦጦ ተራራ በቀላሉ ይጋርደዋል። የሰማዩን ዙረት ለመከተል ወደ ዋልታው መነጣጠር ያለበት የቴሌስኮፕ መቆሚያ አለ፤ እሱን የሚያስተካክለው የሶፍትዌሩ መሣሪያ ያኔ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞር መቆሚያ ይሻላል። እሱ ግን ምስሉን ቀስ እያለ ያሽከረክረዋል። አንዱ የ10 ሰከንድ ፎቶ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ሶፍትዌሩም አዙሮ ይገጥመዋል። ሰዓት ሲረዝም ግን የምስሉ ማዕዘኖች በጥቂት ፎቶ ብቻ ስለሚሸፈኑ ይሻክራሉ። ሽክርክሪቱ የሚብሰው በሰሜንና በደቡብ፣ ይበልጥም ከራስ በላይ አካባቢ ነው። በቀጥታ ምሥራቅና ምዕራብ ግን ዜሮ ይጠጋል። ኦሪዮን ገና በምሥራቅ እየወጣ ሳለ ከተጀመረ ማዕዘኖቹ ረጅም ሰዓት ንጹሕ ሆነው ይቆያሉ።