የሂስፓኒክ ፓራዶክስ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«ሜክሲኳውያን ነፍሰ ጡሮች ክትትል አይሄዱም፤ ልጆቻቸው ግን ጤነኛ ናቸው። ሂስፓኒክ ፓራዶክስ ይባላል፣ ጎግል አድርጉት። የጠበቃቸው ባህላቸው ነው። የኛም እናቶች ቤት ወልደው አሳድገውናል። ክትትል ቢዝነስ ነው።»

ይህን የጻፈውን ሰው አላውቀውም። ግን በዚህ ወር ብቻ ተመሳሳዩን ሳነብ ሦስተኛዬ ነው። እኔ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የወሊድ መረጃ እየቆጠርኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ዝም ማለት አቃተኝ።

በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ማርኪዴስና ኮሪል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩትን ሂስፓኒኮች (የዘር ሐረጋቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ ሰዎችን) ጤና ገመገሙ። ገቢያቸው ዝቅተኛ፣ ኢንሹራንስ ያላቸውም ጥቂት ናቸው። ሆኖም የጨቅላ ሞትን ጨምሮ ብዙው የጤና ቁጥራቸው ከነጮቹ ጋር ይቀራረባል። ነገሩ ግራ ስለሚያጋባ «ፓራዶክስ» አሉት። ዛሬም ብዙ አልራቀም። በ2022 ከ1,000 ሕፃናት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት በነጮች 4.5፣ በሂስፓኒኮች 4.9፣ በጥቁሮች 10.9 ገደማ ነበሩ።

እንግዲህ ፓራዶክስ የእንቆቅልሽ ስም ነው። እንቆቅልሽ ሲባል «ምን አውቅልህ?» ማለት ነው ወጉ። አስተያየት ሰጪያችን ግን እንቆቅልሹን ራሱን መልስ አደረገው። እኛ ተመራማሪዎቹ ወደ አርባ ዓመት ሙሉ አገር እየሰጠን ነው።

ደግሞስ ሂስፓኒክ ማን ነው? የአሜሪካ መንግሥት በ1977 ለቆጠራና ለቅጽ ያጸደቀው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሜክሲኳዊት አለች፣ ኩባዊት አለች፣ ፖርቶ ሪኳዊትም አለች። ፖርቶ ሪኳውያን ሲወለዱ ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ወረቀት አያስጨንቃቸውም። ከ2,500 ግራም በታች የሚወለዱ ልጆቻቸው ግን ከሜክሲኳውያኑ በግልጽ ይበዛሉ። ስፓኒሽ ተናጋሪነትና የቤተሰብ ፍቅር ብቻውን ጋሻ ቢሆን ኖሮ እነሱንም በጠበቀ ነበር።

አንዱ መልስ ሰፌድ ነው። እህል ስታበጥሩ ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፣ ፍሬው ይቀራል። ስደትም ያበጥራል። በረሃና ድንበር አቋርጣ ቴክሳስ የምትደርስ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ወጣትና ጤነኛ ናት። እኛ የምንቆጥረው የተበጠረውን ነው። (አገር ቤት የቀሩት ገለባ ናቸው ማለቴ አይደለም። ምሳሌ ሲለጠጥ እንዲህ ያሳፍራል።) እዚያው አሜሪካ የተወለደችው ልጇ ሰፌድ ላይ አልወጣችም። ከእናቷ የተሻለ ተምራለች፣ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ የወሊድ ውጤቷ ግን ባብዛኛው ከእናቷ ይብሳል። ሰፌዱ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፣ ክርክሩ አላለቀም። ግን «የኛም እናቶች ቤት ወልደው አሳድገውናል» የሚለውን ይመልሳል። ይህን የምንጽፈው ሰፌዱ ላይ የቀረነው ነን። ነፋስ የወሰዳቸው ሕፃናትና እናቶች አስተያየት አይጽፉም።

ባህል ምንም አይሠራም አላልኩም። ሜክሲኮ የተወለዱ እናቶች በእርግዝና ጊዜ ሲጋራ የሚያጨሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህ የልጅን ክብደት በቀጥታ ይነካል። «ላ ኳሬንቴና» የሚሉት የ40 ቀን የአራስ ወግም አለ። የዶሮ ሾርባ፣ ሙቅ አጥሚት፣ ከብርድ መጠበቅ፣ አያት ቤቱን ስትረከብ። ገንፎና አጥሚት ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም። ጥሩ ወግ ነው። ግን ሰዎች ይህንን እየጠቀሱ «ልጆቻቸው ሳይከሱ የሚወለዱት ለዚህ ነው» ይሉኛል። ወገኖቼ፣ አራስነት የሚመጣው ልጁ ከተመዘነ በኋላ ነው!

ክብደቱም ቢሆን ያታልላል። የእርግዝና ስኳር በሂስፓኒክ ሴቶች ከነጮቹ ይበልጣል። ስኳር ደግሞ ልጁን ያገዝፈዋል። በኔ ሠንጠረዥ ላይ ያ ልጅ «ጤናማ ክብደት» ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። እናትየው ስኳር እንዳለባት የሚታወቀው ስትመረመር ነው። የት? ክትትል ላይ።

ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚንም ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በፉርኖ ዱቄት ውስጥ እንዲጨመር አስገደደች። ቶርቲያ (የሜክሲኮ ቂጣ) የሚጋገርበት፣ «ማሳ» የሚሉት የበቆሎ ዱቄት ግን ተረሳ። የተፈቀደው በ2016 ነው፣ ያውም በግዴታ አይደለም። ስፓይና ባይፊዳ (የልጁ አከርካሪ በደንብ ሳይገጥም የሚቀርበት ችግር) እና መሰሎቹ በሂስፓኒክ ልጆች በዝተው ይታያሉ። ይህ ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ስለዚህ ክትትልም ይዘገያል፤ እንክብሉ ከእርግዝና በፊት መጀመር አለበት። ችግሩ እኛም አገር ብዙ ነው።

«አይሄዱም» የሚለው ቃል ደግሞ ያናድደኛል። አንዳንዷ ሜክሲኳዊት ግርዶሽ ሲሆን ልጇ ከንፈሩ ተሰንጥቆ እንዳይወለድ ሆዷ ጋ ልብሷ ላይ መርፌ ቁልፍ ትሰካለች። መርፌ ቁልፉ ማንንም አይጎዳም፣ ክሊኒክም አያስቀራትም። የሚያስቀራት ኢንሹራንስ ማጣት፣ የማያስፈቅድ አሠሪ፣ አስተርጓሚ አለመኖር ነው። ወይም መርፌ ቁልፉን አይቶ የሚስቅ ባለሙያ። ፍርሃትም አለ። በሜይ 2008 አዮዋ ውስጥ ፖስትቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የኢሚግሬሽን ፖሊስ አንድ የሥጋ ፋብሪካ ከቦ ወደ 400 የሚጠጉ ሠራተኞችን አሰረ። አብዛኞቹ ጓቲማላውያን ነበሩ። ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ በአዮዋ የተወለዱትን ልጆች ከአንድ ዓመት በፊት ከተወለዱት ጋር አነጻጸሩ። በላቲና (ማለትም በሂስፓኒክ) እናቶች ዘንድ ዝቅተኛ ክብደት ይዞ የመወለድ ዕድል በ24 በመቶ ጨምሯል። አሜሪካ የተወለዱት እናቶችም አልቀረላቸውም። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ የማንም ባህል አልተቀየረም።