የልብ ደም ስር ተከፈተ፤ ሲስተር ለምን አሁንም ትመላለሳለች?

የተዘጋ የልብ ደም ስር በፊኛ ተከፍቶ ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ወንፊት) ሲገባ ቤተሰብ «ተመስገን፣ አለቀ» ይላል። የነርሷ ዋና ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። በዚህ መሀል የሚወራውን ስሕተት እንይ።

«ደረት ተከፍቶ የሚሠራ ነው።»
አይደለም። ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ገብቶ ልብ ድረስ ይዘልቃል። የሚደነዝዘው ቱቦው የሚገባበት ቦታ ብቻ ነው። ሐኪሙ አንድሪያስ ግሩንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1977 ዙሪክ ላይ የልብ ደም ስርን ለመጀመሪያ ጊዜ በፊኛ ሲከፍትም ታካሚው ነቅቶ ነበር።

«ለጠያቂ ቀና ቢል ምን አለበት?»
ቱቦው በብሽሽት ከገባ ብዙ አለበት። የተበሳው ትልቅ ደም ወሳጅ ነው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትም ተሰጥቷል። ስለዚህ ለጥቂት ሰዓታት እግርን ሳያጥፉ በጀርባ መተኛት ግድ ነው። የኛ ሰው ግን ሽማግሌ ሲገባ ተኝቶ መቀበል ያሳፍረዋል፤ ብድግ ሊል ይታገላል። ሲስተር ስትቆጣ «ክፉ ናት» ትባላለች። እኔ ለሷ እፈርዳለሁ። ጠያቂዎች፣ ከበሩ ጀምራችሁ «እንዳትነሳ!» በሉ። ሳል ከመጣው ፋሻውን በእጁ ጫን ያድርግ። በእጅ አንጓ የተሠራለት ቶሎ መቀመጥ ይችላል።

«ፋሻው ንጹሕ ነው፤ ምን በየ15 ደቂቃው ታስቸግረዋለች?»
ደም ሁልጊዜ ወደ ውጭ አይፈስም። በብሽሽት ሲሠራ ከሆድ ዕቃ ጀርባ ሊጠራቀም ይችላል። ያኔ ወገብ ወይም ጎን ያማል፣ ያልባል፣ ግፊት ይወርዳል። ታካሚው «ብዙ ስለተኛሁ ነው» ብሎ ይችለዋል። ዝም አይበል፤ ወዲያው ይናገር። ደረቱን እንደገና ካመመውም እንደዚያው። ነርሷ የእግሩን ትርታና ሙቀት የምትዳስሰው ደግሞ ደም በደንብ መድረሱን ለማወቅ ነው።

«ከደማ ጥጥ መደራረብ ነው።»
ጥጡ ደሙን ይደብቃል እንጂ አያቆምም። ቦታውን አጥብቆ መጫን፣ እጅን ሳያነሱ ነርስ መጥራት።

«ውሃ አታብዙበት፣ ሽንት ያስቸግረዋል።»
ደም ስሩ በራጅ እንዲታይ የተሰጠው ቀለም የሚወጣው በኩላሊት ነው። ሐኪም ካልከለከለው ይጠጣ።

«ሕመሙ ከጠፋ ክኒኑን መተው ይቻላል።»
ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አዲስ ስቴንት ባዕድ ብረት ነው፤ የደም ስሩ ሽፋን እስኪያለብሰው ድረስ ደም በቀላሉ ይረጋበታል። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው የሚታዘዙት ለዚህ ነው፤ ከድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) በኋላ ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር፣ አስፕሪኑ ከዚያም በኋላ። ጥርስ ለመንቀል፣ ለጾም ወይም ለጸበል ተብሎ በድንገት ሲቋረጥ ስቴንቱ ሊደፈን ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። ጾመኛ ከሆኑ የክኒኑን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይቻላል። ድድ ትንሽ ቢደማም መናገር እንጂ በራስ ማቆም አይገባም።

«ስቴንት ያለው ኤምአርአይ አይነሳም።»
አብዛኞቹ ስቴንቶች አይከለክሉም። የስቴንቱን ካርድ ይዞ ሄዶ ለባለሙያው ማሳየት ነው።