«የእነሱን ተጫዋች የወደደ ባንዳ ነው»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታዳጊዎችን ኳስ ማሰልጠን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጆሮዬን ያሰለቸው አንድ ንግግር አለ። ልጁን ጠርቼ «ዛሬ ማታ ሊቨርፑል ይጫወታል፤ የግራ ተመላላሹ እንዴት እንደሚቆም ልብ ብለህ እይ» እለዋለሁ። መልሱ ወዲያው ይመጣል። «ኮች፣ እኔ እኮ የማንቼ ነኝ!»

በቃ፣ የሌላውን ማየት ነውር ሆኗል። 12 ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ ይሄን ከራሱ አላመጣውም። ከቤት፣ ከሰፈር፣ ከዲኤስቲቪ ቤት ነው የሰማው። ስለዚህ የምጽፈው ለትልልቆቹ ነው።

«የተቀናቃኝ ተጫዋች የሚወድ እውነተኛ ደጋፊ አይደለም»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሰው ለሌላ ክለብ ተጫዋች ሲያጨበጭብ «ባንዳ» ይሉታል። ባንዳ እኮ አገሩን ለወራሪ የሸጠ ሰው ስም ነው። ጎል አይቶ ለተደሰተ ሰው ይሄን ስም ሲሰጡ ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ።

የክለብ ፍቅርና የተጫዋች ፍቅር ለየቅል ናቸው። ክለብ እንደ ቤተሰብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተወልደህበት ታገኘዋለህ። ታላቅ ወንድምህ የአርሴናል ስለሆነ አንተም ሆንክ። ተጫዋችን ግን ዓይንህ ራሱ ነው የሚመርጠው። አንዱ ኳስ ሲያበርድ ታይና ሳታስበው «ውይ!» ትላለህ። ያ «ውይ» ማሊያ አይቶ አይወጣም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2005 ባርሴሎና ሪያል ማድሪድን በሜዳው 3 ለ 0 አሸነፈ። ሮናልዲንሆ ሁለቱን አገባ። ሁለቱም ጊዜ ከግራ መስመር ተነስቶ ተከላካዮቹን እያለፈ ነው የገባው። በሳንቲያጎ በርናቤው የተቀመጡት የማድሪድ ሰዎች ምን አደረጉ? ተነስተው አጨበጨቡለት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2003፣ የሪያል ማድሪዱ ብራዚላዊ ሮናልዶ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሐትሪክ (ሦስት ጎል) ሠርቶ ማንችስተር ዩናይትድን ከቻምፒየንስ ሊግ አስወጣ። ዩናይትድ ያን ምሽት 4 ለ 3 ቢያሸንፍም በድምር 6 ለ 5 ተሸንፏል። ሮናልዶ ተቀይሮ ሲወጣ ግን ስታዲየሙ በሙሉ በጭብጨባ ሸኘው። እነዚህ ሰዎች በማግስቱ ክለብ ቀየሩ? አልቀየሩም። እንደ ትናንቱ የዩናይትድ፣ እንደ ትናንቱ የማድሪድ ሆነው ነው የነቁት።

አሁን ወደ ሜዳዬ ልመለስ። ከዓመታት በፊት አንድ የ13 ዓመት ልጅ ነበረኝ። የተከላካይ አማካይ ነው፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ጓደኞቹ ያበሽቁታል። ኳስ ሊያቆም በቃ ብሎ ነበር። ጠራሁትና ስለ ኢንጎሎ ካንቴ ነገርኩት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ገደማ ነው። በ2012/13 እንኳ በፈረንሳይ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ነበር የሚጫወተው። በ2016 ከሌስተር ጋር፣ በ2017 ደግሞ ከቼልሲ ጋር የእንግሊዝን ሊግ አነሳ። «ኳስ ሲነጥቅ እየው፤ ማንንም በጉልበት አይገፋም። ቀድሞ ነው የሚደርሰው» አልኩት።

ልጁ አየ። በሦስት ወር ውስጥ ሌላ ተጫዋች ሆነ። ከዚያ ብር አጠራቅሞ ከሰልባጅ ተራ 7 ቁጥር የቼልሲ ማሊያ ገዛ። አባቱ ግን የለየላቸው የአርሴናል ናቸው። በር ላይ አስወለቁት። «ቤቴ ውስጥ ሰማያዊ አይገባም!» በማግስቱ ልጁ ማሊያውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ልምምድ መጣ። ዓይኑ አብጧል። «ኮች፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ» አለኝ። ከኳሶቹ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተትኩት።

ይሄን ያደረጉት ክፉ አባት ስለሆኑ አይደለም። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ልምምድ እንዲቀር አይፈልጉም። ያስቸገራቸው ይሄ አመለካከት ነው።

«ሰው የሌላ ክለብ ተጫዋች የሚወደው ጎል ስለሚያገባ ብቻ ነው»

የባርሴሎናውን ኢኒዬስታን ተመልከቱ። ዳኒ ሃርኬ የባርሴሎና የከተማ ተቀናቃኝ የኤስፓኞል አምበል ነበር። በነሐሴ 2009 በድንገት ሞተ። በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኢኒዬስታ የድሉን ጎል አገባና ማሊያውን ሲያወልቅ ከውስጥ ባለው ካኔቴራ ላይ «ዳኒ ሃርኬ ሁሌም ከእኛ ጋር ነው» የሚል ጽሑፍ ነበረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ባርሴሎና ኤስፓኞልን በሜዳው 5 ለ 1 ደበደበው። ደጋፊው አምስት ጎል ቆጥሮ እንኳ ለኢኒዬስታ አጨበጨበ። እዚህ ውስጥ የጎል ጉዳይ የት አለ? ጓደኛውን ያልረሳ ሰው ነው ያዩት።

«የዴኒስ ሎው ጎል ማንችስተር ዩናይትድን አወረደ»

ሰው «የቀድሞ ተጫዋችህን ካመንክ ይሄ ይመጣብሃል» ለማለት ይጠቅሰዋል። ሎው 11 ዓመት ለዩናይትድ ተጫውቶ ወደ ተቀናቃኙ ማንችስተር ሲቲ ሄደ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1974 በተረከዙ አገባባቸው። እውነት ነው። ግን በዚያ ቀን የሌሎቹ ጨዋታዎች ውጤት ዩናይትድን ያለዚያም ጎል ያወርደው ነበር። ሎውም አልጨፈረም። ዛሬ ሐውልቱ ከቤስትና ከቻርልተን ጋር ኦልድ ትራፎርድ ደጃፍ ቆሟል።

«ተጫዋቾቹ ራሳቸው የተቀናቃኙን ክለብ ይጠላሉ»

የሊቨርፑሎቹ ጄሚ ካራገርና ሮቢ ፋውለር ልጅ እያሉ የኤቨርተን ደጋፊ ነበሩ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ጋ አይሠራም»

ይሄ ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣንበትን ቀን አስታውሱ። ጎሉን ያገባው የቅዱስ ጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ ነው። የቡና ደጋፊ «የጊዮርጊስ ስለሆነ አልጨፍርም» ያለ አለ?

«እሱ ብሔራዊ ቡድን ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ሊጉ እንምጣ። አጎቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ጊዮርጊስ ነው። የመንግሥቱ ወርቁን ስም ሲያነሳ ድምፁ ይቀየራል። በ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል ሲያገባ አጎቴ የቡናን ጨዋታ ፈልጎ ማየት ጀመረ። ቡና እንዲሸነፍ ይፈልግ ነበር፤ አቡበከር እንዲያገባ ደግሞ ይፈልግ ነበር። «ይሄ ልጅ ኳስ ያውቃል፤ ምን ላድርግ?» ይል ነበር። ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ ግን አጎቴን አታናግሩት። ሁለቱም አንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ።

ወላጆች አንድ ነገር ብትሞክሩልኝ ደስ ይለኛል። ከልጃችሁ ጋር ጨዋታ ስታዩ ከተቃራኒው ቡድን አንድ ተጫዋች ምረጡ። አሥር ደቂቃ እሱን ብቻ ተከተሉ፤ ኳሱን ተዉት። አማካይ ለሆነ ልጅ ሉካ ሞድሪች በማድሪድ ማሊያ የተጫወተባቸውን ጨዋታዎች አሳዩት። ኳሱ እግሩ ጋ ሳይደርስ ስንት ጊዜ ዞር ዞር ብሎ እንደሚያይ አብራችሁ ቁጠሩ። በረኛ ለሆነ ልጅ ደግሞ የተቃራኒው በረኛ ኳሱ ሩቅ ሳለ የት እንደሚቆም አሳዩት። ልጁ ስለ ራሱ ክለብ ተጫዋቾች ብቻ ካወቀ የሚማረው ከ11 ሰው ብቻ ነው። የሌላውን ማየት ሲፈቀድለት አስተማሪው ይበዛል። «የእነሱ ነው» ብላችሁ ቻናል አትቀይሩበት።

የልጁን አባት በኋላ አግኝቻቸው ነበር። «ጋሼ፣ ሄንሪን ይወዱታል?» አልኳቸው። «ሄንሪን የማይወድ አለ እንዴ?» አሉ። በመጋቢት 2004 ሄንሪ የሚጫወትለት አርሴናል ፖርትስማውዝን በሜዳው 5 ለ 1 ያሸነፈበትን የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ አነሳሁባቸው። ፊታቸው በራ። «አዎ! የእነሱ ደጋፊዎች ናቸው እኮ ያጨበጨቡለት!» አሉኝ። «ታዲያ እነሱ ባንዳ ነበሩ?» ስላቸው ዝም አሉ። ቆይተው «ማሊያው አንተ ጋ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ማሊያው ቤት ገባ። አርሴናል በሚጫወትበት ቀን ግን አይለበስም። አባትና ልጅ በዚህ ተስማምተዋል።